በኮረኮንች መንገድ ወደ ጥንት ድልድዮች፦ የዓባይ ዳር የብስክሌት መስመሮች

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳማ በመሆኑ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ወደ ሥራ፣ ነጋዴው ወደ ገበያ በብስክሌት ሲመላለስ ማየት የተለመደ ነው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ለአገልግሎት የተከፈተው አዲሱ የዓባይ ድልድይም 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ከተሽከርካሪዎች ጎን ለእግረኛና ለብስክሌት ቦታ ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ብዙው ብስክሌተኛ አስፋልቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለው ኮረኮንች መንገድ የእግረኛና የጋማ ከብት መንገድ ብቻ ተደርጎ ይታያል።

ያ ኮረኮንች መንገድ ግን የአካባቢው ታሪክ ዋና ማኅደር ነው። ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከደብር ወደ ደብር ሲያገናኝ የኖረው ይህ መንገድ ወንዝ በደረሰ ቁጥር መሻገሪያ ፈልጓል፤ ከመሻገሪያዎቹም አንዳንዶቹ ከ300 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ ድልድዮች ናቸው። እነዚህን መስመሮች በብስክሌት መጓዝ ለከተማ ነዋሪው ጤናና ዕውቀት፣ ለገጠሩ ነዋሪ ደግሞ ተጨማሪ ገቢ ሊያስገኝ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ተጓዡ አንድ ነገር ሲገነዘብ ነው፦ ድልድዮቹ ጎብኚ የሚጠብቁ ፍርስራሾች አይደሉም፤ አርሶ አደሩ እህሉን ጭኖ ዛሬም የሚሻገርባቸው ናቸው።

የጠጠር መንገድ ብስክሌት

በጠጠር መንገድ ብስክሌት መንዳት ራሱን የቻለ የስፖርት ዘርፍ እየሆነ መጥቷል። በአሜሪካ መካከለኛ ክፍል ባሉ የእርሻ መንገዶች ላይ የተስፋፋ ሲሆን፣ በካንሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ረጅም ውድድር ለዘርፉ መታወቅ ትልቅ ድርሻ አለው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበርም የመጀመሪያውን የጠጠር መንገድ የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2022 በጣሊያን ቬኔቶ አካሂዷል።

ለዚህ ጉዞ የሚሠራው ብስክሌት በአስፋልት ውድድር ብስክሌትና በተራራ ብስክሌት መካከል ያለ ነው። መሪው እንደ ውድድር ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ ሲሆን፣ ጎማው ግን ሰፊ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የጎማው አየርም ከአስፋልት ብስክሌት ያነሰ ይደረጋል፤ ምክንያቱም ለስለስ ያለ ጎማ ጠጠሩን ይቀበላል፣ ድንጋጤውን ያበርዳል፣ መሬቱንም ይቆነጥጣል። ለጀማሪ ግን አዲስ ብስክሌት መግዛት ግድ አይደለም። በከተማችን የሚነዳው ሰፊ ጎማ ያለው ተራ ብስክሌት ፍሬኑ በደንብ የሚይዝ፣ ሰንሰለቱ የጸዳና ዘይት የነካው ከሆነ ለአጫጭሮቹ መስመሮች ይበቃል።

ድልድዮቹ ለምን በዚያ ቦታ ቆሙ?

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ሲወጣ የተረጋጋና ሰፊ ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ 45 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል፤ በክረምት ሙላቱ የፏፏቴው ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ከፏፏቴው ሥር ግን ያ ሁሉ ውኃ በጥቁር ድንጋይ መካከል በተፈለፈለ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። የጥንት ግንበኞች የመረጡት ይህንኑ ጥበት ነው። ድንጋዩ ጽኑ መሠረት ይሰጣል፤ ወንዙ ጠባብ በመሆኑም ረጅም ቅስት መሥራት አያስፈልግም።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ የኖሩ ኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት፣ በዚያ ቦታ ቀድሞ ሰዎች የሚሻገሩት በስንጥቁ ላይ በተጋደመ እንጨት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1626 ግን አፄ ሱስንዮስ በሥፍራው የድንጋይ ድልድይ አሠሩ። ከእነዚሁ ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ማኑኤል ደ አልሜይዳ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአላታ ወንዝ አቅራቢያ መገኘቱን፣ ሥራውንም ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጣ ባለሙያ መምራቱን ጽፏል። የአላታ ድልድይ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በኖራ የተገነባ የድንጋይ ድልድይ እንደሆነ ይነገርለታል። ሕዝቡ "የፖርቱጋሎች ድልድይ" ሲለው ቢሰማም፣ ያሠሩት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት፣ ግንባታውን የመራው ከህንድ የመጣ ባለሙያ፣ ድንጋዩም የዚያው አገር ድንጋይ ነው።

የሱስንዮስ ልጅ አፄ ፋሲለደስም ድልድይ በማሠራት ይታወቃሉ። ሰባት የድንጋይ ድልድዮችን እንዳሠሩ ስለሚነገር፣ ዕድሜው የገፋ ድልድይ ሁሉ "የፋሲል ድልድይ" መባሉ የተለመደ ሆኗል። ሆኖም የድልድይ ሥራ በጎንደር ዘመን አልቆመም። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳሊምቤኒ በተባለ ጣሊያናዊ አማካይነት በተምጫ ወንዝ ላይ ድልድይ አሠርተዋል። ስለዚህ ተጓዡ በየመንገዱ የሚያገኘውን ድልድይ ሁሉ በአንድ ዘመንና በአንድ ንጉሥ ባይደመድም መልካም ነው።

የመጀመሪያው መስመር፦ ከባሕር ዳር እስከ አላታ ድልድይ

ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ከተማ ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከዓባይ በስተ ምዕራብ፣ በጎጃም በኩል ይጓዛል፤ የአንዳሳ ወንዝን አካባቢ ያቋርጣል። አቀበቱ ቀላል ስለሆነ በሳምንት ጥቂት ቀን ብስክሌት የሚነዳ ሰው በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይችላል። ጥዋት በማለዳ መነሣት ይመከራል፤ ወበቁ ሳይበረታ መድረስ ይቻላል፣ ከሰዓት በኋላም ለመመለሻ በቂ ብርሃን ይተርፋል።

ጢስ ዓባይ ከተማ ሲደረስ ብስክሌቱን ታማኝ ሰው ዘንድ አስቀምጦ በእግር መጓዝ ይሻላል። የእግር መንገዱ ቁልቁል ወርዶ አላታ ድልድይ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ማዶ ተሻግሮ በመንደሮች መካከል ወደ ፏፏቴው ትይዩ ይወጣል። የአላታ ወንዝን በተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ፏፏቴው ሥር መቅረብም ይቻላል። ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ ወደ ከተማው የሚመለስበት መንገድ አለ፤ ወንዙ ሲሞላ ግን በሄዱበት መመለሱ ይሻላል።

የፏፏቴው ግርማ እንደ ወቅቱና እንደ ውኃው አጠቃቀም ይለያያል። በሥፍራው እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀምሯል፤ ከፏፏቴው በላይ የሚጠለፈው ውኃ በበጋ የፏፏቴውን መጠን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ሙሉ ፏፏቴ ማየት የሚፈልግ ሰው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ቢመርጥ ይጠቀማል። ድልድዩንና ጠባቡን ስንጥቅ በደንብ መመልከት የሚፈልግ ግን ውኃው ጎደል ሲል ቢሄድ ድንጋዩ ጎልቶ ይታየዋል።

ሁለተኛው መስመር፦ የቆጋ ቦዮች

ከባሕር ዳር በአዲስ አበባ መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መራዊ ለጀማሪዎች የተመቸ መነሻ ናት። በአቅራቢያዋ ያለው የቆጋ ግድብ የግልገል ዓባይ ገባር የሆነውን የቆጋን ወንዝ አቁሮ 7 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያለማ የተሠራ ነው። 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ዋናው ቦይና ከእርሱ የሚከፈሉት 12 ሁለተኛ ደረጃ ቦዮች በማሳዎች መካከል ተዘርግተዋል፤ በጎናቸውም የጥገና መንገዶች አሉ። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ስንዴና በቆሎ በመስኖ የሚለማበት ይህ አካባቢ በበጋም አረንጓዴ ነው።

በዚህ መስመር ጥንታዊ ድልድይ የለም፤ ጥቅሙ ሌላ ነው። የጠጠር መንገድ ያልለመደ ሰው ጎማው ሲንሸራተት ሚዛን መጠበቅን፣ የፊት ፍሬንን በጠጠር ላይ በድንገት አለመያዝን፣ ከከብት ጋር ተላልፎ ማለፍን በሜዳ ላይ ይለማመድበታል። ጥንቃቄውም የዚያኑ ያህል ነው። የቦይ ጠርዝ በብስክሌት ሲደረመስ የሚጎዳው ከታች ውኃ የሚጠብቀው አርሶ አደር ነው። ስለዚህ ከጥገና መንገዱ ወጥቶ በቦይ ግድግዳ ወይም በማሳ ድንበር ላይ መንዳት አይገባም፤ ውኃ ማጠጣት በሚካሄድበት ጊዜም ወርዶ መግፋት ይበጃል።

ሦስተኛው መስመር፦ ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ

ይህ መስመር ልምድ ላላቸው ብቻ የሚሆን ነው። ሞጣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት። ከዚህ ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ረጅም ቁልቁለት ሲሆን፣ ወደ ታች በሄዱ ቁጥር መንገዱ ወደ እግር ጎዳና ይለወጣል። የመጨረሻው ክፍል ብስክሌት ተሸክመው ወይም ከላይ ትተው በእግር የሚወርዱበት ነው። መውረዱ ቀላል ቢመስልም የቀኑ ከባድ ሥራ የመመለሻው አቀበት ስለሆነ፣ ውኃና ጉልበት ለእርሱ መቆጠብ አለበት።

ሸለቆው ውስጥ ያለው ሰባራ ድልድይ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ እንደተሠራ ይታመናል። በአካባቢው ትውፊት ኖራው ከእንቁላል ጋር ተለውሶ እንደተገነባ ይነገራል። ድልድዩ ጎጃምንና ጎንደርን ሲያገናኝ ኖሮ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከለኛው ቅስት ፈረሰ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ከዚያ በኋላ ለስድስት አሥርት ዓመታት ያህል፣ መሻገር የሚፈልግ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱም በኩል በቆሙ ጎልማሶች እየተጎተተ በክፍተቱ ላይ ያልፍ ነበር። ገበያ የሚሄደውም፣ ሕክምና የሚፈልገውም፣ ዘመድ የሚጠይቀውም በዚያው ገመድ ነበር የሚሻገረው።

ይህን የገመድ ማሻገሪያ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመጽሔት ላይ የተመለከተው አሜሪካዊው የሥራ ተቋራጭ ኬን ፍራንዝ እ.ኤ.አ. በ2001 "ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ" የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በ2002 ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በመሆን ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ። በ2005 ግን ጎርፍ የብረቱን አካል ወሰደው። በ2009 የተሠራው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ከወንዙ ከፍ ብሎ ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ኖሮት ሁለቱን ዳርቻዎች እንደገና አገናኘ። ከአንድ ፈራሽ ድልድይ የተነሣው ይህ ሥራ በሌሎች በርካታ የዓለም አገሮችም የእግረኛ ድልድዮች እንዲገነቡ ምክንያት ሆኗል።

በተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ብስክሌት አይነዳም። ወርዶ፣ ብስክሌቱን በጎን ይዞ፣ በዝግታ መሻገር ይገባል። ከማዶ የተጫነ አህያ ወይም በቅሎ ከመጣ እንስሳው ቀድሞ ይለፍ፤ በድልድይ መካከል የደነበረ እንስሳ ጭነቱንም ባለቤቱንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ወቅትና አፈር

ለሦስቱም መስመሮች የተመቸው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው። ዝናቡ ያባራል፤ ወንዞች ይጎድላሉ፤ አየሩም ለጉልበት ሥራ አይከብድም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ በተለይ በቆላው ሸለቆ ይበረታል። በክረምት ደግሞ ዋናው እንቅፋት ዝናቡ ራሱ ሳይሆን ዋልካው ነው። ጥቁር አፈር ሲርስ ከጎማው ጋር ተጣብቆ በፍሬኑና በሹካው መካከል ይጠቀጠቃል፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ጎማው አልዞርም ይላል። ቀይ አፈርና ጠጠር የለበሰ መንገድ ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቶሎ ይጠነክራል። መንገዱ ምን ዓይነት አፈር እንዳለው የአካባቢውን ሰው መጠየቅ የቀን ጉዞን ሊያተርፍ ይችላል።

ከወንዝ መሻገሪያም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከላይ በደጋው የዘነበ ዝናብ ታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዙን በድንገት ሊያስሞላው ይችላል። ውኃው ከደፈረሰና ቅጠላ ቅጠል መሸከም ከጀመረ ሙላት እየመጣ ስለሆነ፣ ቆሞ መጠበቅ እንጂ መድፈር አይገባም። በዓባይ ሸለቆ አዞ ስላለ መዋኘት አይመከርም። በጣና ዙሪያ ባለ ጥልቀት የሌለው ውኃም ቢልሃርዝያ ይገኛል፤ በቆላው ደግሞ ከወባ ትንኝ መጠበቅ ያሻል።

ተጓዥ ከቤቱ ሲነሣ የራስ ቁር፣ ቢያንስ 3 ሊትር ውኃ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ጎማ መንፊያ፣ የቀዳዳ መጠገኛና ጥቂት መፍቻዎች መያዝ አለበት። ጎሚስታ በከተሞች እንጂ በየመንደሩ አይገኝም። የክልሉ የጸጥታ ሁኔታ ከቦታ ቦታና ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለያይ፣ ከጉዞ በፊት የወረዳውንና የቀበሌውን አስተዳደር መጠየቅ፣ የአካባቢ ሰው መንገድ መሪ ማድረግ፣ በማታም አለመጓዝ የግድ ነው።

መንገዱ የሁሉም ነው

በገበያ ቀን መንገዱ በጭነት እንስሳት ይሞላል። ከኋላ የሚመጣ ብስክሌት ድምፅ ስለሌለው እንስሳን ያስደነግጣል። ተጓዡ ከሩቅ ሰላምታ ቢሰጥ ድምፁን እንስሳውም ባለቤቱም ይለዩታል፤ ሰላምታም በአገሩ ደንብ ክብር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር እህል በአውድማ የሚወቃበትና የሚሰጣበት ጊዜ በመሆኑ፣ በመንገድ ዳር በተሰጣ እህል ወይም በተለቀለቀ አውድማ ላይ መንዳት የአንድ ቤተ ሰብን የዓመት ልፋት መርገጥ ነው።

ተጓዡ ከመንገዱ ሲጠቀም መንገዱም ከእርሱ ሊጠቀም ይገባል። ምሳውን ከከተማ ይዞ ከሚሄድ ይልቅ በመንደር እንጀራ ቢበላ፣ ቡና ቢጠጣ፣ ሙዝና ሎሚ ቢገዛ፣ ብስክሌቱን ለሚጠብቅለት ወጣት ተገቢውን ቢከፍል ገንዘቡ በቀጥታ ገጠሩ ውስጥ ይቀራል። ለሕፃናት ሳንቲም መበተን ግን ልጆችን ከትምህርትና ከጥበቃ ሥራቸው አውጥቶ መንገድ ዳር የሚያቆም ልማድ ስለሚፈጥር ሊቀር ይገባል።

ድልድዩን ማን ይጠብቀው?

የድንጋይ ድልድይ ትልቁ ጠላቱ ውኃና ሥር ነው። በድንጋዮቹ መካከል የበቀለ ቁጥቋጦ ሲያድግ ሥሩ ኖራውን ይሰነጥቃል፤ በስንጥቁ የገባ ዝናብ ኖራውን ያጥበዋል፤ አንድ ድንጋይ ከቅስቱ ሲወድቅ ደግሞ ሸክሙ በሌሎቹ ላይ ያርፋል። ቁጥቋጦው ገና ለጋ ሳለ መቆረጡ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ውድ ጥገና ያስቀራል። ሥሩ ከጠነከረ በኋላ ግን መንቀሉ ራሱ ድንጋይ ስለሚያነቃንቅ ሥራው ለባለሙያ መተው አለበት።

በቅን ልቦና የሚደረግ ጥገናም ሊጎዳ ይችላል። ሲሚንቶ ከጥንቱ ኖራ ይልቅ ደረቅና የማይላወስ በመሆኑ እርጥበትን ያፍናል፤ ድንጋዩም በዙሪያው መፈረካከስ ይጀምራል። የባህል ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚካሄድ የጥገና ሥራ አስቀድሞ በሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲፈቀድ ማድረጉም ለዚሁ ነው። የተሰነጠቀ ድልድይ ያየ ነዋሪም ሆነ ብስክሌተኛ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቅ፣ ከተቻለም ቀን የተመዘገበበት ፎቶግራፍ ቢያስረክብ ትልቅ አገልግሎት ነው። በየጊዜው የሚያልፍ ብስክሌተኛ ስንጥቁ ካለፈው ዓመት መስፋቱን ሊያስተውል ይችላል።

ከድልድዩ ድንጋይ መውሰድ፣ ስም መጻፍና መቅረጽ፣ ከባድ ተሽከርካሪ ማሳለፍም መቆም ያለባቸው ድርጊቶች ናቸው። ሰባራ ድልድይ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። አንድ ቅስት የፈረሰው በአንድ ዘመን ነው፤ ሕዝቡ ግን ክፍተቱን በገመድ እየተሻገረ የኖረው ከስድስት አሥርት ዓመታት ላላነሰ ጊዜ ነው። ዛሬ ቆሞ ያለውን ድልድይ መጠበቅ ከዚያ ሁሉ ድካም ጋር ሲነጻጸር ቀላሉ ሥራ ነው፤ በብስክሌት የሚመጣው እንግዳም የዚህ ሥራ ተካፋይ ሲሆን ጉዞው ለሁለቱም ወገን ጥቅም ይሰጣል።